የሆቴል ዲፖዚት፦ 300 ዶላሩ ለምን ተቆረጠ? 200ውስ የት ሄደ?

የቀረበልን ጥያቄ፦ «እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቻችን በዲቪ ከአዲስ አበባ መጥተን ቨርጂኒያ ስፕሪንግፊልድ አካባቢ ነው ያረፍነው። የክሬዲት ታሪክ ስለሌለን አፓርትመንት የሚያከራየን አጣን። ስለዚህ ኩሽና ያለው ኤክስቴንድድ ስቴይ (ለረጅም ጊዜ የሚታረፍበት) ሆቴል ውስጥ ከጃንዋሪ 5 እስከ ኤፕሪል 26 ኖርን። 500 ዶላር ዲፖዚት የተከፈለው በአጎቴ ልጅ ዴቢት ካርድ ነው። ፌብሩዋሪ 3 ላይ ሌላ ክፍል አዛወሩንና አዲስ ወረቀት አስፈረሙን። ስንወጣ ማናጀሩ ‹ክፍሉ ጭስ ጭስ ይሸታል› ብሎ 300 ዶላር የማጨስ ቅጣት ቆረጠብን። ማናችንም ሲጋራ አናጨስም፤ እሁድ እሁድ ግን ቡና እንቆላ ነበር። ቀሪው 200 ዶላር በ10 የሥራ ቀን ውስጥ እንደሚመለስ ሜይ 2 ላይ በኢሜይል ጻፈልን። ዛሬ ጁን 17 ነው፤ ምንም አልመጣም። ስንደውል ‹ሆልዱ ተለቋል፣ ባንካችሁን ጠይቁ› ይሉናል። ፖሊስ ጋ እንሂድ? ወይስ ባንኩ ሁሉንም ያስመልስልን? ክስ ብንመሠርት ግሪን ካርዳችንን ይጎዳብናል?»

ፖሊስ ጋ አይሂዱ። ፖሊሱ ቢያዳምጥዎትም «ይህ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ብሎ ነው የሚሸኝዎት። ባንኩም ሙሉውን 500 ዶላር እንዲያስመልስ አይጠይቁ። 200ውና 300ው የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ መንገዳቸውም ይለያያል። 200ውን ሆቴሉ ራሱ እመልሳለሁ ብሎ በጽሑፍ አምኗል። 300ው ላይ ግን ክርክር አለ። ሁለቱን አንድ ላይ ካቀረቧቸው ባንኩ ክርክሩን አይቶ ሁሉንም ሊዘጋው ይችላል። ግሪን ካርዱን በተመለከተ አይስጉ። ያስያዙትን ገንዘብ በፍርድ ቤት መጠየቅ የኢሚግሬሽን ጉዳይ አይደለም። በሕጋዊ መንገድ ገብቶ የሚኖር ሰው ሆቴል ስለከሰሰ የሚደርስበት ነገር የለም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። «ሆልዱ ተለቋል» የሚለው መልስ ብዙ ሰው ያደናግራል፤ ምክንያቱም አንዳንዴ እውነት ነው። ሆቴሎች ዲፖዚት የሚይዙት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ሆልድ ነው። ሆቴሉ ገንዘቡን አልወሰደም፤ ባንኩ ግን እንዳይነካ አስይዞታል። በባንክ አፕ ላይ «ፔንዲንግ» ተብሎ ይታያል። ሆቴሉ ሳያስከፍል ከቀረ ጊዜው ሲያልፍ በራሱ ይወድቃል። እንደ ባንኩ ቀናት ወይም ጥቂት ሳምንታት ይፈጃል። ሁለተኛው ደግሞ ክፍያ ነው። ገንዘቡ ከአካውንቱ ወጥቶ ሆቴሉ እጅ ገብቷል፤ በመግለጫው ላይ «ፖስትድ» ይላል። ይህ «አይለቀቅም»። ሆቴሉ ራሱ ሪፈንድ አድርጎ መላክ አለበት።

የእርስዎ የትኛው ነው? የአጎትዎ ልጅ የጃንዋሪን የባንክ መግለጫ ይክፈት። 500 ዶላሩ እዚያ ተጠናቆ ከተመዘገበ ክፍያ ነው። እኔ ክፍያ ነው ብዬ ነው የምገምተው። ሆልድ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ወር ተይዞ ሊቆይ አይችልም፤ ሆቴሉም 300 «ቆርጦ» 200 «እመልሳለሁ» ብሎ አይጽፍም ነበር። ያልወሰደውን ገንዘብ አይመልስማ። ሜይ 2 ላይ የተጻፈው ኢሜይልና አሁን በስልክ የሚነግሩዎት ነገር አብረው አይሄዱም። ይህን ልዩነት ይያዙት፤ በኋላ ይጠቅምዎታል።

ፍሮንት ዴስክ ያለው ልጅ ዋሽቶ ላይሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ ላይ «ዲፖዚት ተዘግቷል» የሚል ነገር አይቶ ይሆናል። የተዘጋው ግን የሆቴሉ መዝገብ እንጂ የአጎትዎ ልጅ ሂሳብ አይደለም። ስለዚህ «ተለቋል» ሲሉዎት ሁለት ነገር በኢሜይል ይጠይቁ፦ ሪፈንዱ የተላከበትን ቀንና ኤ.አር.ኤን. የሚባለውን መለያ ቁጥር። ባለ 23 አኃዝ ነው። ሪፈንድ በካርድ መረብ ውስጥ ሲያልፍ ይህ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ባንኩም በእሱ ገንዘቡ የት እንደደረሰ ይከታተላል። ቁጥሩን መስጠት ካልቻሉ ገንዘቡ ከሆቴሉ አልወጣም ብለው ያስቡ።

ሪፈንድ በመደበኛው ወደ መጣበት ካርድ ነው የሚመለሰው። የእርስዎን አካውንት ቁጥር ለሆቴሉ መስጠት አይረዳም። ባንኩ ጋም መደወል ያለበት የካርዱ ባለቤት እንጂ እርስዎ አይደሉም፤ ባንኩ እርስዎን አያናግርዎትም። ካርዱ ጠፍቶ ወይም ታድሶ ከሆነ ችግር የለውም፤ አካውንቱ ክፍት እስከሆነ ድረስ ገንዘቡ ብዙውን ጊዜ ይገባል። አካውንቱ ራሱ ከተዘጋ ግን ሆቴሉ በቼክ እንዲልክ በጽሑፍ ይጠይቁ። የአጎትዎ ልጅ በመግለጫው ላይ 200 ዶላር ገብቶ ሳያየው ቀርቶ እንዳይሆንም አስቀድመው ያረጋግጡ። እንዲህ ያለው ነገር ያጋጥማል፤ ክስ ከተመሠረተ በኋላ ቢታወቅ ያሳፍራል።

ለ200ው የአጎትዎ ልጅ ዛሬውኑ ባንኩ ጋ ይደውል። «ነጋዴው ሪፈንድ እንደሚያደርግ በጽሑፍ ቃል ገብቷል፤ ገንዘቡ አልገባም» ይበል፤ የሜይ 2ን ኢሜይልም ያያይዝ። ባንኮች ለዚህ ዓይነት አቤቱታ የተለየ መስመር አላቸው። ሌላ ነገር አይጨምር። ስለ ቡና፣ ስለ ማናጀሩ ጠባይ፣ ስለ 300ው አያንሳ። እንዲህ ያሉ አቤቱታዎች የጊዜ ገደብ አላቸው፤ ስለዚህ ሳምንት እያለፈ «ነገ እደውላለሁ» አይባል። «ይህን ክፍያ አላውቀውም» ብሎ ማመልከት ደግሞ ፈጽሞ አይሞከር። ካርዱን ፈቅዶ ነው የሰጠው፤ ያንን መካድ የሐሰት አቤቱታ ነው። ለ200 ዶላር ብሎ ከባንኩ ጋር መጣላት አይገባውም።

አንባቢዎች ሆይ፣ ዲፖዚቱ በክሬዲት ካርድ ተከፍሎ ቢሆን ኖሮ ጥበቃው ይበልጥ ነበር። ፌር ክሬዲት ቢሊንግ አክት የተባለው የፌዴራል ሕግ ስህተቱ ያለበት የመጀመሪያው መግለጫ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያመለክቱ መብት ይሰጣል። ካርድ ሰጪው በ30 ቀን ውስጥ መቀበሉን ማሳወቅ፣ በሁለት የሂሳብ ዙር ውስጥ ደግሞ፣ ከ90 ቀን ሳያልፍ፣ ጉዳዩን መቋጨት አለበት። ዴቢት ካርድ ላይ ገንዘቡ ከኪስ ወጥቷል፤ ክሬዲት ካርድ ላይ ግን እየተከራከሩበት ያለውን መጠን ሳይከፍሉ መቆየት ይችላሉ። ገና አሁን ሆቴል የምትገቡ ይህን አስቡበት። ዘመድም ቢሆን ካርዱን የሚያውሳችሁ ክሬዲቱን እንጂ ዴቢቱን ባያውሳችሁ ይሻላል።

ወደ 300ው ስንመጣ የቨርጂኒያ ሕግ ከብዙ ሰው ግምት በላይ ይረዳዎታል። ሆቴሉ «እናንተ እንግዶች ናችሁ እንጂ ተከራይ አይደላችሁም» ብሎ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚያስፈርሙት ወረቀት ላይም ተጽፎ ይገኛል። በቨርጂኒያ ግን ይህን የሚወስነው ወረቀቱ ብቻ አይደለም። የመኖሪያ ቤት አከራይና ተከራይ ሕጉ ስለ ሆቴል፣ ስለ ሞቴልና ስለ ኤክስቴንድድ ስቴይ በግልጽ ይናገራል። አንድ ሰው እዚያ እንደ ዋና መኖሪያው ከ90 ተከታታይ ቀናት በላይ ከኖረ፣ ወይም ከ90 ቀን በላይ የሚቆይ የጽሑፍ ሊዝ (የኪራይ ውል) ካለው፣ ሆቴሉ በአከራይና ተከራይ ሕጉ ሥር ይወድቃል። ያን ጊዜ 500 ዶላሩ የሆቴል ዲፖዚት መሆኑ ቀርቶ የቤት ኪራይ ሴኩሪቲ ዲፖዚት ይሆናል።

እርስዎ ከጃንዋሪ 5 እስከ ኤፕሪል 26 ኖረዋል። ከ110 ቀን በላይ ነው። ሌላ ቤት አልነበራችሁም፤ ልጆቹም ያደሩት እዚያ ነው። ይህ ዋና መኖሪያ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ለማስረጃ የልጆቹ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ወደ ሆቴሉ አድራሻ የመጣ ደብዳቤ፣ ግሪን ካርዱ የተላከበት አድራሻ፣ መንጃ ፈቃድ ሁሉ ይጠቅማል። አንዱ ቢጎድል ሌላው አለ።

ክፍል የተቀየረበት ጉዳይ ላይ ሆቴሉ ሊከራከር ይችላል። ፌብሩዋሪ 3 የቀየሯችሁ በ30ኛው ቀን አካባቢ መሆኑን ልብ ይበሉ። አንዳንድ ሆቴሎች እንግዳው የተከራይ መብት እንዳያገኝ ሲሉ በየ28 ወይም 29 ቀኑ ያስወጡታል፤ አዲስ ወረቀት አስፈርመው መልሰው ያስገቡታል። ካሊፎርኒያ ይህን ድርጊት በሕግ ከልክላለች፤ እዚያ የተከራይ መብት የሚጀምርበት መስመር 30 ቀን ስለሆነ ነው ሆቴሎች ይህን ለማድረግ የሚፈተኑት። በቨርጂኒያ መስመሩ 90 ነው። እርስዎ አንድ ሌሊት እንኳ ከሆቴሉ ውጭ ካላደራችሁ «ተከታታይ» የሚለው ቃል አልተቋረጠም ብዬ ነው የምከራከረው። ሕጉ የሚያወራው በሆቴሉ ውስጥ ስለ መኖር ነው፤ የክፍል ቁጥር አያነሳም። ዳኛው ግን ወረቀቱን ያያል፤ ስለዚህ የሁለቱንም ክፍሎች ደረሰኝ ይዘው ይቅረቡ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያየው ጥሩ ማስረጃ አለ፤ የሆቴሉ ሂሳብ ዝርዝር ነው። ፎሊዮ ይሉታል። በሚያርፉበት ጊዜ የሚከፈለው የካውንቲው የአልጋ ታክስ የተጣለው ከ30 ተከታታይ ቀን በታች በሚያርፍ ሰው ላይ ነው። በአልጋ ላይ የሚከፈለው የግዛቱ የሽያጭ ታክስም ከ90 ተከታታይ ቀን በታች የሚቆይን ነው የሚመለከተው። ፎሊዮውን ሙሉውን በኢሜይል ያስልኩ። ከ30 ቀን በኋላ የአልጋ ታክሱ ከቆመ ሆቴሉ ራሱ ያለማቋረጥ እንደኖራችሁ መዝግቧል ማለት ነው፤ በኋላ «አዲስ እንግዶች ነበሩ» ለማለት ይቸግረዋል። ታክሱ ሳይቆም ከቀጠለ ደግሞ ለምን እንደቀጠለ ይጠይቁ። ምናልባት ከዲፖዚቱ ሌላ የሚመለስልዎት ገንዘብ ይኖራል። አራት ወር ያህል ለኖረ ቤተሰብ ይህ ትንሽ ብር አይደለም።

ተከራይ መሆን ለዲፖዚቱ ምን ይለውጣል? በቨርጂኒያ አከራይ ተከራዩ በለቀቀ በ45 ቀን ውስጥ ዲፖዚቱን መመለስ አለበት። ከቆረጠም ምን ስለምን እንደቆረጠ በዝርዝር በጽሑፍ መስጠት አለበት። ከኤፕሪል 26 የተቆጠረ 45 ቀን ጁን 10 ላይ አልቋል። ማናጀሩ «ክፍሉ ይሸታል» ያለው በአፍ ነው። የሜይ 2ው ኢሜይል «300 የማጨስ ቅጣት» ብቻ የሚል ከሆነ ደካማ ዝርዝር ነው። ሁለተኛው ትልቅ ነጥብ አከራይ የሚቆርጠው በመደበኛ አጠቃቀም ከሚመጣ ማርጀት በላይ ለሆነ ጉዳት መሆኑ ነው። ቋሚ ቅጣት ለሆቴል እንግዳ ይመች ይሆናል። ለተከራይ ግን ሆቴሉ እውነተኛ ወጪውን ማሳየት አለበት። አከራዩ ሆን ብሎ ሕጉን ከጣሰ ፍርድ ቤቱ ዲፖዚቱን ከደረሰብዎት ኪሳራ ጋር እንዲከፍል ሊያዝ ይችላል። «ተከራይ አይደለሁም ብለህ ፈርመሃል» የሚለውም አያስፈራዎ፤ ይህ ሕግ የሰጠውን መብት በኪራይ ውል ውስጥ አስፈርሞ ማስቀረት አይቻልም።

አሁን ስለ ቡናው በግልጽ እንነጋገር፤ እዚህ ላይ ነው ጉዳይዎ የሚደክመው። ቡና መቁላት ማጨስ አይደለም። የሆቴሉ ወረቀት «ማጨስ» ብቻ ካለ፣ ትንባሆ፣ ማሪዋና፣ ቬፕ እያለ የሚዘረዝር ከሆነ፣ ቡና እዚያ ውስጥ የለም። ወረቀቱ ግን «ክፍሉን ልዩ ጽዳት የሚያስፈልገው ማንኛውም ሽታ» የሚል ሐረግ ካለው ሆቴሉ የሚይዘው ነገር አለው። ስለዚህ የፈረሙበትን ወረቀት ሁለቱንም ሳያነቡ ክርክር አይጀምሩ። ከሌለዎት ቅጂ ይጠይቁ። ፌብሩዋሪ 3 የፈረሙት ከመጀመሪያው የሚለይ ከሆነ ልዩነቱ የት እንዳለ ይዩ።

ፍርድ ቤት «ክፍሉ ውስጥ ጭስ አልነበረም» አይበሉ። ነበር። ቡና ሲቆላ ያጨሳል፤ ያን ማንም ያውቃል። እውነቱን ተናግረው ክርክሩን ወደ ወጪው ይውሰዱት፦ «ሲጋራ አላጨስንም። በኩሽናው ምድጃ ላይ ቡና ቆልተናል። ኩሽና ያለው ክፍል ያከራያችሁን ምግብ እንድንሠራበት ነው። ሽታ ካለ ያወጣችሁትን ወጪ አሳዩን።» ይህ ጠንካራ አቋም ነው። የምግብና የቡና ሽታ ኩሽና ባለው ክፍል ውስጥ የሚጠበቅ ነገር ነው። ሆቴሉ 300 ዶላር የሚያወጣ ጽዳት ከሠራ የጽዳት ድርጅት ደረሰኝ፣ ሽታ የሚያስወግደው የኦዞን ማሽን የዋለበት ቀን፣ ክፍሉ ለሽያጭ ያልቀረበባቸው ሌሊቶች መዝገብ ይኖረዋል። በማግስቱ ክፍሉን ለሌላ እንግዳ ሰጥቶት ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ የቆመበት መሠረት ይናጋል። ይህን በደብዳቤው ውስጥ ይጠይቁ።

እጣን በከሰል ካጨሳችሁ ግን ነገሩ ይለያል። የከሰል ጭስ ምንጣፍና መጋረጃ ውስጥ ይገባል፤ የማይለቅ ጉዳትም ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ከ300ው የተወሰነውን ሊያጡ ይችላሉ፤ አስቀድመው ይዘጋጁ። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታ የለውም፤ ተኝተው ያሉ ሕፃናትን ይገድላል። የሆቴል መስኮት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም። የጭስ ጠቋሚውን በፕላስቲክ መሸፈንም እንዲሁ አደጋ ነው፤ ሆቴሉ ካገኘው ሌላ ክስ ይጨምርበታል። ሆቴል ውስጥ ላላችሁ ወገኖች ምክሬ አጭር ነው። ቡናው ተቆልቶ የተፈጨ ይሁን፤ እጣኑን ቤት እስክታገኙ ተዉት።

ማስረጃ የሚሆኑ ፎቶዎች አሉዎት? ስትወጡ ቪዲዮ ካልቀረጻችሁ አሁን ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም። ነገር ግን ልጆቹ ክፍሉ ውስጥ ሲጫወቱ የተነሡ ፎቶዎች ምንጣፉንና ግድግዳውን ያሳያሉ። ስልኩ ቀኑን ይዟል። ሠራተኞች በየሳምንቱ እየገቡ ያጸዱ ከነበረ ያንንም ይግለጹ፤ ወራት ሙሉ ገብተው ወጥተው ስለ ሽታ አንድም ማስጠንቀቂያ አልሰጧችሁም። ሌላ ሰው ቤት ወይም ሆቴል ሲለቅ ግን ከመውጣቱ በፊት አብሮ ለመፈተሽ በጽሑፍ ይጠይቅ። በቨርጂኒያ ተከራይ ይህ መብት አለው። ማናጀሩ እያየ ቁም ሳጥኑን፣ ምድጃውን፣ መታጠቢያ ቤቱን፣ ምንጣፉን በአንድ ቪዲዮ ይቅረጽ።

የማዘው እንዲህ ነው። ዛሬ የባንኩ አቤቱታ ለ200ው ይግባ። በዚህ ሳምንት ውስጥ ደግሞ ለሆቴሉ አንድ ደብዳቤ ይጻፉ፤ በእንግሊዝኛ፣ ከአንድ ገጽ ሳይበልጥ፣ ያለ ስድብ። ከመቼ እስከ መቼ እንደኖራችሁ፣ ያስያዛችሁትን 500 ዶላር፣ የተከፈለበትን ቀንና የካርዱን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ይግለጹ። ከ90 ተከታታይ ቀን በላይ ዋና መኖሪያችሁ ስለነበር የቨርጂኒያ አከራይና ተከራይ ሕግ እንደሚመለከተው፣ 45 ቀኑም ጁን 10 ላይ እንዳለፈ ይጥቀሱ። ቀጥለው 200ው የተላከበትን ኤ.አር.ኤን. ወይም ገንዘቡን፣ ለ300ውም የጽዳቱን ደረሰኝ ወይም ገንዘቡን ይጠይቁ። የአሁን አድራሻዎን ያስቀምጡና 14 ቀን ይስጡ። ካልመለሱ በስሞል ክሌምስ (አነስተኛ የገንዘብ ጉዳይ በሚያየው የፍርድ ቤት ክፍል) እንደሚከሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሱ። ለማናጀሩ በኢሜይል፣ ለባለቤቱ ድርጅት ደግሞ በፖስታ ቤት ሰርቲፋይድ ሜይል ከመቀበያ ፊርማ ጋር ይላኩ።

«በሶሻል ሚዲያ አዋርዳችኋለሁ»፣ «ለፖሊስ እሰጣችኋለሁ» የሚል አንድም ቃል አይኑርበት። ደብዳቤውን ዳኛ ያነበዋል ብለው ይጻፉት። ኦንላይን ሪቪው መጻፍ መብትዎ ነው፤ ሆኖም የሆነውን ብቻ ይጻፉ፤ ጉዳዩ እስኪያልቅ ቢቆዩ ደግሞ ይሻላል። ስልክ መደወልም ይቁም። እስካሁን የደወሉት ሁሉ ማስረጃ አልሆነም። ከእንግዲህ የሚባለው ሁሉ በጽሑፍ ይሁን፤ በስልክ ከተነጋገሩ ወዲያው «ዛሬ በስልክ እንዲህ ብለውኛል» ብለው ኢሜይል ይላኩላቸው።

ደብዳቤው ለማን ነው የሚላከው? ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። በምልክቱ ላይ ያለው ትልቅ ስም ብዙ ጊዜ የሆቴሉ ባለቤት አይደለም። ስሙን በፍራንቻይዝ (በፈቃድ ተከራይቶ) የሚጠቀም ሌላ ኤል.ኤል.ሲ. የሚባል ኩባንያ ይኖራል፤ ገንዘብዎን የያዘውም እሱ ነው። ምልክቱ ላይ ያለውን ኩባንያ ከሰው ፍርድ ቤት ሲቀርቡ «እኛ ባለቤት አይደለንም» ይባሉና ጉዳዩ ይዘጋል። ትክክለኛውን ስም ከፎሊዮው ወይም ከደረሰኙ ግርጌ፣ ሎቢ ውስጥ ከተሰቀለው የንግድ ፈቃድ ያገኙታል። ከዚያ የቨርጂኒያ ስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ ስሙን ይፈልጉ፤ በነፃ ነው። እዚያ ሬጂስተርድ ኤጀንት የተባለው የተመዘገበ ወኪል ስምና አድራሻ ይወጣል። ደብዳቤውም መጥሪያውም ወደዚያ ነው የሚሄደው።

ሆቴሉን ያስያዙት በኦንላይን ድርጅት ቢሆን እንኳ ዲፖዚቱን የወሰደው ሆቴሉ ስለሆነ የሚጠየቀው እሱ ነው። የኪራዩን ገንዘብና የዲፖዚቱን ገንዘብ አያቀላቅሉ። ስፕሪንግፊልድ ለሚገኝበት ለፌርፋክስ ካውንቲ የሸማቾች ጉዳይ ክፍል ወይም ለቨርጂኒያ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አቤቱታ ማስገባትም ይቻላል። ነፃ ነው፤ ሆቴሉ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ አንዳንዱ በዚያ ብቻ ይከፍላል። ግን አይፈርዱልዎትም፤ ገንዘብ እንዲከፈል ማስገደድም አይችሉም። ስለዚህ ከደብዳቤው ጎን ለጎን እንጂ በደብዳቤው ምትክ አይሁን።

14 ቀኑ አልፎ መልስ ከሌለ ወደ ጀነራል ዲስትሪክት ኮርት የስሞል ክሌምስ ክፍል ይሂዱ። እስከ 5,000 ዶላር ያለ ጉዳይ ያያል። ጠበቃ ይዞ መቅረብ አይፈቀድም፤ የሚናገረው እርስዎና የሆቴሉ ሠራተኛ ነው። ቅጹ ዋራንት ኢን ዴት ይባላል፤ ጸሐፊው ጋ ይገኛል። ሲያስገቡ የአማርኛ አስተርጓሚ እንደሚፈልጉ ወዲያው ይንገሩ፤ ፍርድ ቤቱ ሊመድብልዎት ይችላል። ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ። የማመልከቻ ክፍያ አለ፤ ካሸነፉ ከሆቴሉ እንዲመለስ ይጠይቁ። የአጎትዎ ልጅ ደግሞ አብሮ ይቅረብ። ውሉ የእርስዎ ነው፤ ገንዘቡ የወጣው ግን ከእሱ ካርድ ነው፤ ዳኛው ሊጠይቀው ይችላል። እስከዚያው ባንኩ 200ውን አስመልሶ ከሆነ የሚከሱት በ300ው ብቻ ይሁን፤ ሁለት ጊዜ መቀበል አይቻልም።

ገደቦቹንም ይወቁ። ሆቴሉ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ክፍል እንዲዛወር የመጠየቅ መብት አለው፤ ያን ጊዜ ጠበቃ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ለ300 ዶላር ብሎ ጠበቃ የሚቀጥር ብዙ አይደለም፤ ግን ከተዛወረ ወይም ሆቴሉ «ከዲፖዚቱ በላይ ጉዳት አድርሰዋል» ብሎ ከከሰሰዎ ብቻዎን አይግቡበት። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ሊጋል ሰርቪሲስ ኦፍ ኖርዘርን ቨርጂኒያ ነፃ የሕግ እርዳታ ይሰጣል። ፍርድ ማግኘትና ገንዘብ ማግኘትም አንድ አይደሉም፤ ሆቴሉ ተፈርዶበት ካልከፈለ የባንክ ሂሳቡን በጋርኒሽመንት ለማስያዝ ሌላ ማመልከቻ ይጠይቃል። ጊዜ ግን አላችሁ። በቨርጂኒያ በጽሑፍ ውል ላይ ለመክሰስ አምስት ዓመት ይሰጣል። ማስረጃው ግን ያን ያህል አይቆይም፤ ማናጀሩ ይቀየራል፣ የሆቴሉ ካሜራ ቅጂ ይጠፋል።

«ዲፖዚቱን ስለማይመልሱ የመጨረሻውን ሳምንት ኪራይ አትክፈሉ» የሚል ምክር በማኅበረሰባችን ውስጥ ይዞራል። እርስዎ ስላልተከተሉት ጥሩ አደረጉ። 90 ቀን ያልሞላው ነዋሪ ካልከፈለ ሆቴሉ የአምስት ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ያም ካለፈ፣ ያለ ፍርድ ቤት ሊያስወጣው ይችላል። ልጅና ሻንጣ ይዞ ኮሪደር ላይ መቆም ከ500 ዶላር በላይ ያስከፍላል። በሌላ ግዛት ለምትኖሩ ደግሞ ቁጥሩ ይለያል። በካሊፎርኒያና በኒው ዮርክ የሚታየው 30 ቀን ነው። የዲፖዚት መመለሻ ጊዜውም እንደየግዛቱ ነው፤ የቨርጂኒያን 45 ቀን ይዛችሁ ሌላ ቦታ አትከራከሩ።

ሆቴሉ ደብዳቤው ሲደርሰው «200ውን አሁን እንከፍላለን፤ 300ውን እርሱት» ብሎ የሚፈረም ወረቀት ሊልክ ይችላል። ያለ ምንም ፊርማ 200ውን ይቀበሉ፤ እሱ ቀድሞም የእናንተ ነው። «ሙሉ በሙሉ ተከፍሎኛል» የሚል ወረቀት ግን አይፈርሙ። ቼክ ከላኩና በላዩ ላይ ወይም አብሮት በመጣው ደብዳቤ ላይ ሙሉ ክፍያ መሆኑ ከተጻፈ ባንክ ሳያስገቡ መጀመሪያ የሕግ ሰው ያሳዩት። የጽዳት ደረሰኙን አሳይተው ከ300ው ግማሹን እንካፈል ካሉ፣ እጣንና ከሰሉም እውነት ከነበረ፣ 150 ተቀብሎ መዝጋት ተገቢ ነው። ደረሰኝ ካላሳዩ ግን አንድም ዶላር አይቀንሱ፤ ጁላይ መጀመሪያ ላይ ቅጹን ያስገቡ።